በሰባተኛው ገንዳ ላይ የቆመ ተረከዝ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍሏ ጸሐፊና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ተረከዝ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት፣ ሥራው ጭቃ መርገጥ።

ጭቃው የሚመጣው ከወደቡ ወለል ነው። ወንዙ ከላይ አፈር ያወርዳል፣ ማዕበሉ ከውጭ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ተባብረው መርከቦች የሚቆሙበትን ቦታ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይደፍኑታል። ደለል አውጪዋ መርከብ ወለሉን እየጠባች በብረት ቱቦ ወደ የብስ ትልከዋለች። ቱቦው ስምንት መቶ ሜትር ተጉዞ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በአፈር ክትር የታጠሩ አሥራ ሁለት ሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ ይተፋዋል።

ድሮ ይህ ሁሉ ጭቃ ጥልቅ ባሕር ድረስ ተወስዶ ይደፋ ነበር። አሁን የሚደፋ የለም። ከቱቦው አፍ አጠገብ የሚቀረውን አሸዋ ብሎኬት የሚሠሩት ይወስዱታል። ራቅ ብሎ የሚረጋው ስሱ ጭቃ፣ ዝናብ ጨዉን ካጠበለት በኋላ፣ ለጡብ ፋብሪካው ይሄዳል። መሃል ላይ ያለው፣ ለዚህም ለዚያም የማይሆነው፣ የወንዙን ዳር የጎርፍ መከላከያ ከፍ ለማድረግ ይውላል። የጋሽ ተረከዝ ቤት የተሠራው ከሦስተኛው ገንዳ በወጣ ጡብ ነው። ሚስቱ ግድግዳው ላይ ምስማር በመታች ቁጥር፣ "ወደብህን እየበሳሁት ነው፤ መርከቦቹን ገለል በሉ በላቸው" ትለዋለች።

ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። ውሃው በገንዳው ጥግ ባለው የእንጨት በር፣ ሳንቃ በሳንቃ እየተነሣለት፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያ ፀሐይና ነፋስ ይረከቡታል። ሦስት ወር፣ አንዳንዴም አምስት ወር ይፈጃል። ላዩ ይሰነጣጠቅና ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ ግን አታላይ ነው። ከላይ ዳቦ የመሰለው ከሥሩ ገና ሊጥ ሊሆን ይችላል። ሃያ ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር ከመግባቱ በፊት "ይችላል" ወይም "አይችልም" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ለሃያ ስድስት ዓመት ያ ሰው ጋሽ ተረከዝ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየአሥር እርምጃው ይቆማል። ቀኝ እግሩን ያነሣል፣ እጆቹን ይዘረጋል፣ በግራ ተረከዙ ብቻ ቆሞ እስከ አሥር ይቆጥራል። ከዚያ ጎንበስ ይልና አውራ ጣቱን ዱካው ውስጥ ያጋድማል። ዱካው ከአውራ ጣቱ ውፍረት ካላለፈ ገንዳው ደርሷል። ካለፈ አልደረሰም። አንዱን ገንዳ ዞሮ ለመጨረስ ሙሉ ጠዋት ይፈጅበታል። አዲስ ሠራተኞች መጀመሪያ ሲያዩት መሳቃቸው አይቀርም። ውሃ ዳር በአንድ እግሩ የቆመ ወፍ ይመስላል፤ ወፉ ግን ዘጠና ስምንት ኪሎ ነበር።

ሥራውን የወረሰው ከአንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው ቱቦ ተሸካሚዎቹን ሰበሰቡና ከመካከላችሁ ወፍራሙ ማነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ጣቱን ወደ አንድ ሰው ቀሰረ። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። በውፍረቱ ሲሾፍበት የኖረ ሰው፣ በውፍረቱ ምክንያት ዕድገት አገኘ። ሽማግሌው ሦስት ነገር አስተማሩት። የቦት ጫማህ ተረከዝ ሲያልቅ በልኩ አስጠግነው፤ ነፋስ በሚያንገላታህ ቀን አትርገጥ፤ ሳትበላ እንዳትረግጥ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለምን እንደሆነ ገባው። ሦስተኛውን እንደ አባት ምክር ወሰደው። ሽማግሌውም ሳያብራሩለት ሄዱ፤ ከሄዱ በኋላም ብዙ አልቆዩም።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እሱ "ደርሷል" ባለው ገንዳ ላይ አንድም ማሽን ሰምጦ አያውቅም። አለቃው፣ ከእሱ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ ፈጣን ሰው፣ ለጎብኚዎች የሚያሳየው መጀመሪያ እሱን ነበር፤ ቀጥሎ ፓምፑን።

ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት አንዲት ኢንጂነር ተቀጠረች። ጫፉ እንደ ካሮት የሾለ የብረት ዘንግ ይዛ መጣች። ዘንጉን ጭቃው ውስጥ ትገፋዋለች፣ ምን ያህል እንደከበዳት ከላዩ ያለው ሰዓት መሰል ነገር ይነግራታል፣ ሰማያዊ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች። ጋሽ ተረከዝ አልተከፋም፤ አላደነቀም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሷ ብረትና የሱ እግር አንድ ቋንቋ ተናገሩ። እሱ ደርሷል ባለ ማግስት ወይም በዚያው ቀን ብረቱም ይስማማል። ኋላ ግን መለያየት ጀመሩ። ብረቱ ሦስት ቀን ዘገየ። ከዚያ አምስት። እሱ የብረቱ ጫፍ ዶልዱሞ ይሆናል አላት። እሷ አዲስ ጫፍ አስገዝታ ለካች፤ ያው ሆነ። ያኔ ብረት የእግር ያህል አያውቅም ብሎ ተዋት። እሷም አልተከራከረችም፤ ቁጥሯን መጻፍ ግን አላቆመችም።

በነዚያው ወራት ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ሐኪሙ ስኳር አለብህ አለው። ሚስቱ ጉዳዩን ከሐኪሙ እጅ ተረከበችና እንደ ቀበቶ አጠበቀችው። በቀን ከሚበላቸው አራት ዳቦዎች ሦስቱ ተቀነሱ። በምትኩ ጎመን መጣ፤ ከጎመኑ በኋላ ሾርባ፣ ከሾርባው በኋላ በእግር መሄድ። "ሚስቴ እኔን ከማኖር በጎችን ብታረባ ይቀላት ነበር" ይል ጀመር። ግን ታዘዘ። በክሊኒኩ ካርድ ላይ በየወሩ ክብደቱ ሲጻፍ እንደ ተማሪ ይኮራ ነበር። በአሥራ አንድ ወር አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ጣለ። ቱቦ ተሸካሚዎቹ ጋሼ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው እንዴ እያሉ ቀለዱበት። ኢንጂነሯ ሳትቀር አማረብዎት አለችው።

አንድ ሰው ብቻ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር። የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ከዘጠነኛው ገንዳ ወጥቶ መሬቱ እንደ ፍራሽ ነጠረብኝ አለ። እንቅልፍ አምሮህ ነው ብለው ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ሰባተኛው ገንዳ መጣ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ተረከዝ ዞሮ ጨረሰና ደርሷል አለ። ኢንጂነሯ ዘንጌ ገና ዘጠኝ ቀን ይላል አለች። ጡብ ፋብሪካው ጭቃ ጨርሶ በቀን ሁለቴ ይደውላል። አለቃው ሁለቱን አየና ተረከዝ ካለ አለቀ አለ። ሁለት ረዳቶች በተረገጠው መስመር ግራና ቀኝ ቀይ ባንዲራ ተከሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ኤክስካቫተሩ ገባ።

ሠላሳ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ ቅርፊቱ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውስጥ ጎበጠ። ማሽኑ በግራ ጎኑ ዘመመ፣ የሚቆም መስሎ ቆየ፣ እስከ በሩ እጀታ ድረስ ገባ። ኦፕሬተሩ በመስኮት ወጥቶ በሆዱ እየተሳበ ክትሩ ጋ ደረሰ። ጫማዎቹ እዚያው ቀሩ። አልተጎዳም። መጀመሪያ የተናገረው "ሚስቴ ጫማውን የገዛችልኝ ባለፈው ሳምንት ነው" የሚል ነበር።

ማሽኑን ለማውጣት ሁለት ዶዘርና አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ጭቃው ዱካውን ውጦታል፤ ባንዲራዎቹም ወድቀው ተቀብረዋል። ኦፕሬተሩ በመስመሩ ነው የሄድኩት አለ። አለቃው አላመነውም። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ቀላል ነበር። ተረከዝ ተሳስቶ አያውቅም፤ ማሽኑ ሰምጧል፤ ስለዚህ ኦፕሬተሩ መስመሩን ለቋል። ሰኞ ሦስት ሰዓት ቢሮ እንዲቀርብ ተጻፈበት። ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኦፕሬተሩ ሥራ እንደማይኖረው ለሠራተኛው ሁሉ ገባው።

ዓርብ ዕለት አለቃው ጋሽ ተረከዝን ጠርቶ ኦፕሬተሩ ከመስመሩ ሲወጣ አይቶ እንደሆነ ጠየቀው።

"እሱን አላየሁም" አለ ጋሽ ተረከዝ። "እኔ የረገጥኩት ግን ደርሷል።"

ውሸት አልነበረም። ለኦፕሬተሩ ግን ከውሸት የከፋ ነበር። ከቢሮው ሲወጣ ኦፕሬተሩን በር ላይ በተውሶ ጫማ ቆሞ አገኘው። ጫማው በሁለት ቁጥር ይበልጠዋል።

ቅዳሜ ዕረፍቱ ነበር። ሆኖም ወደ ገንዳው ሄደ። ጉድጓዱ አጠገብ፣ ያልተነካ ቅርፊት ላይ ወጥቶ ቆመ። በአንድ ተረከዝ፣ እስከ አሥር። ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን አጋደመ። ልኩ ነው። ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ደገመው። ልኩ ነው። ከዚያ ከዶዘሩ ገመድ ማሠሪያ የተረፈ ብረት አንሥቶ እዚያው ዱካው ውስጥ ገፋው። ብረቱ ቅርፊቱን አልፎ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ወረደ።

ብረቱን ነቅሎ አየው። መስመሩን መልቀቅ አለመልቀቅ ትርጉም እንዳልነበረው ገባው። መስመሩ ላይም ያው ነው። ዱካው ደርሷል ይላል፤ ጭቃው አልደረሰም። ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። የጫማውን ተረከዝ በመለኪያ ለካው፤ አልተለወጠም። ነፋስ አልነበረም። በልቶ ነው የመጣው። ሽማግሌው ያስተማሩትን ሦስቱንም አሟልቷል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሥራ ሱሪውን ወገብ እያጠበበች ትሰፋ ነበር። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ አያያትም። ክር በጥርሷ በጠሰችና ሱሪውን ከፊቷ ዘረጋችው።

"ሦስተኛ ጊዜዬ ነው" አለች። "ከዚህ በኋላ የሚጠብ ጨርቅ የለም፤ የሚቆረጥ ብቻ ነው።"

"አዲስ ይገዛላ።"

"ለማን? ግማሽህ እኮ ሄዷል። የት እንዳደረስኩት ቢጠይቁኝ ምን ልበል?"

ቀልድ ነበር። እሱ አልሳቀም። ሱሪውን ከእጇ ተቀብሎ በስፌቱ አጠገብ ያሉትን አሮጌ የመርፌ ቀዳዳዎች ተመለከተ፤ ሦስት መስመር፣ አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ የገባ። "ሳትበላ እንዳትረግጥ" ያሉት ሽማግሌ ፊቱ ድቅን አሉበት። ስለ ጤናው አልነበረም የተናገሩት።

ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተና የክሊኒኩን ካርድ አወጣ።

"አመመህ?" አለችው።

"አይ። ድኛለሁ" አላት። "ችግሩ እሱ ነው።"

ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኢንጂነሯ ቢሮዋን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘችው። ቢሮዋ አሮጌ የመርከብ ኮንቴይነር ነው፤ ሲነጋ ብርድ፣ ቀን ምድጃ። ሰማያዊውን ደብተር ጠየቃት። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳትጠይቅ አወጣችለት። ካርዱን ደብተሩ አጠገብ ዘረጋው። እሱ ወሩን ያነባል፣ እሷ በዚያ ወር ብረቱና እግሩ በስንት ቀን እንደተለያዩ ትነግረዋለች። ዘጠና ስምንት ኪሎ፣ ልዩነት የለም። ዘጠና ሦስት፣ ሦስት ቀን። ሰማንያ ዘጠኝ፣ አምስት ቀን። ሰማንያ አራት፣ ሰባት። ሰባ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ቀን።

ኢንጂነሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ስንት ጊዜ አማረብዎት አልኩዎት" አለች ቀስ ብላ። "አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም።"

"ለኔም አልመጣልኝም" አለ። "ለኔ መምጣት ነበረበት።"

ካርዱን ኪሱ ከተተ። ይህን ነገር ሌላ ማንም አያውቅም። እሷም እሱ ካልተናገረ እንደማትናገር ከፊቷ አየ፤ ይህ ይበልጥ ከበደው። ደብተርሽን ያዢና ነይ አላት።

ሦስት ሰዓት ላይ አለቃው ቢሮ ውስጥ አራት ሰው ነበር። ኦፕሬተሩ የመንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አለቃው የስንብት ደብዳቤውን ማንበብ ሲጀምር ጋሽ ተረከዝ አቋረጠው። ከዚህ በፊት አቋርጦት አያውቅም።

"አለቃ፣ ማሽኑን ያሰመጥኩት እኔ ነኝ።"

አለቃው ቀና አለ። "እርስዎ መቼ ማሽን ነድተው ያውቃሉ?"

"ድንጋዩ የጎደለ ሚዛን ሻጩን ሌባ ያስብላል። እኔ ጎድያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ኪሎ።"

ካርዱን አስቀመጠ። ኢንጂነሯ ደብተሯን አጠገቡ ከፈተች። አለቃው ከአንዱ ወደ ሌላው አየ፤ ጣቱ በየመስመሩ ወረደ። የዘጠነኛው ገንዳ ቀን ላይ ሲደርስ ኦፕሬተሩ ከቆመበት አንገቱን አስግጎ አየና እንደ ፍራሽ ነጠረ ያልኩት የዚያን ቀን ነው አለ። የሳቀበት አልነበረም።

"እና ሐኪም ያዘዘልዎትን ስለፈጸሙ ልቅጣዎት?" አለ አለቃው በመጨረሻ።

"እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ። እሱ መስመሩን አልለቀቀም። ቢለቅም ባይለቅም ይሰምጥ ነበር።"

አለቃው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። መንጃ ፈቃዱን ወደ ኦፕሬተሩ ገፋው። ከዚያ ያሰበውን ሳያለሰልስ ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ሰው ቃል ማሽን አይገባም። የሚወስነው ብረቱ ነው። ጋሽ ተረከዝ ለጊዜው በር ላይ ገልባጭ መኪናዎቹን ይመዝግብ፤ የጡረታው ነገር ሲደርስ ይታያል። ሃያ ስድስት ዓመት በአራት ዓረፍተ ነገር አለቀ። ጋሽ ተረከዝ እሺ አለ።

ኢንጂነሯ አልወጣችም። ለአለቃው አንድ የሥራ ነገር ነገረችው። የእሷ ዘንግ በአንድ ጠዋት ሠላሳ ቦታ ይወጋል፤ የጋሽ ተረከዝ እግር ደግሞ ሁለት መቶ። ጭቃ በሠላሳው ቦታ መካከል የሚደብቀውን ዘንጉ አያገኘውም። እግሩ አልተበላሸም፤ የጎደለው ጭነት ነው፤ ምን ያህል እንደሆነም ይታወቃል። ከዚያ በሩ እንዳይዘጋ የተደገፈበትን ጡብ አንሥታ ቢሮው ጥግ ያለ የዕቃ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም።

"ስምንቱ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ይሆናል" አለች።

አለቃው ሦስት ወር ሰጣቸው። ብረቱና እግሩ ካልተስማሙ ማንም አይገባም። ከሦስት ወር በኋላ እሱ ራሱ ደብተሩን ያያል። ተስፋ አልሰጠም፤ አልከለከለምም።

ረቡዕ ዕለት አሥራ አንደኛው ገንዳ ተራው ነበር። ጋሽ ተረከዝ በልቶ መጣ። ስምንቱን ጡብ የያዘውን የጀርባ ቦርሳ እስከ ክትሩ ድረስ የተሸከመለት ኦፕሬተሩ ነው፤ አንሥቶ ሲያስታጥቀው አቃሰተ።

"ጋሽ ተረከዝ፣ ወይ ብላ ወይ ተሸከም። ሁለቱንም እምቢ ስትል ነው እኔ ጫማ ያጣሁት።"

"ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?"

"አርባ አንድ።"

"እሺ" አለ ጋሽ ተረከዝ፣ ወደ ቅርፊቱም ወረደ።

መጀመሪያ ተንገዳገደ። ጡቦቹ ወደ ኋላ ይስቡታል፤ ድሮ ክብደቱ ሆዱ ላይ ነበር። ኢንጂነሯ ቦርሳውን ወደ ደረቱ አዙሮ እንዲታጠቀው ነገረችው። እንዲህ ሲሆን ቆመ። ቀኝ እግር ተነሣ፣ እጆች ተዘረጉ፣ እስከ አሥር። ጎንበስ ለማለት ጉልበቱን ይዞ አማጠ። አውራ ጣቱን ሲያጋድም ዱካው ጣቱን ውጦ በላዩ ሌላ ጣት የሚያስቀምጥ ቦታ ተረፈው። ያለ ቦርሳው ቢሆን ኖሮ ደርሷል ይል ነበር።

"አልደረሰም" አለ።

ኢንጂነሯ ዘንጓን ገፍታ አነበበች። "ስምንት ቀን።"

"ሰባት።"

"ስምንት ብዬ እጽፋለሁ።"

"ጻፊ።"

በዚያ ቀን ማታ ሚስቱ ትከሻው ላይ የቦርሳው ማንገቻ ያቀላውን ቦታ አየች። የሆነውን ሁሉ ነግሯት ነበር፤ ጡቡን ግን አልነገራትም። አሁን ነገራት። በእጇ የያዘችውን ፎጣ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ዓመት ሙሉ ተከራክሬ ያወረድኩልህን መልሰህ ተሸከምከው?"

"ሥራ ስጨርስ አወርደዋለሁ።"

"ያንን ብቻ አትርሳ" አለችና ጎመኑን አቀረበች።

በስምንተኛው ቀን ዱካው ልክ የአውራ ጣቱን ያህል ሆነ። ብረቱም ደርሷል አለ። ኤክስካቫተሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። ኦፕሬተሩ አዲስ አርባ አንድ ቁጥር ጫማ አድርጓል፤ ከማን እንደሆነ ሲጠየቅ ከወደብ የመጣ ነው ይላል። መስኮቱን ግን ክፍት አድርጎ ነበር የሚነዳው።

ጋሽ ተረከዝ ሥራው አልቆ ሳለ ክትሩ ላይ ቦርሳውን እንደታጠቀ ቆሞ ቀረ። ኢንጂነሯም አጠገቡ ቆመች። ማሽኑ አሥር ሜትር ሄደ፣ ሃያ ሄደ። ሠላሳውን ሲያልፍ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ እንጂ አልጎበጠም። የመጀመሪያው አካፋ ጭቃ ተነሥቶ ገልባጩ ላይ ሲወድቅ ቦርሳውን ከደረቱ ፈታ፤ ጡቦቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ስምንት መሆናቸውን አየና ቦርሳውን ኮንቴይነሩ ውስጥ ሰቀለው።